ሴት የማትረግጠው ዳርቻ

ሐምሌ 20፣ 2016

ዛሬ ሥራው ተከፋፈለ። ሐይቁ ከሥር ከሥር እየበላቸው ያሉ ሦስት የጥንት ቦታዎች ተመርጠዋል። ክረምቱ ከመውጣቱ በፊት ተለክተው፣ ፎቶ ተነሥተው፣ በኮምፒውተር ካርታ ላይ መስፈር አለባቸው። አስተባባሪያችን አቶ ሀዲስ ሪፖርቱን እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ይፈልገዋል። ዳርቻው በሽቦ በታሰረ ድንጋይ የሚደገፈው የትኛው እንደሆነ የሚወሰነው በዚያ ነው። ለሦስቱም የሚበቃ ድንጋይ የለም ብሎናል።

እኔ የደብረ ማዕዶትን ደሴት ወሰድሁ። ፎቶውን የሚሠራው ባምላክ፣ "እትዬ ባንቺአየሁ፣ ሴት የማትገባበትን ገዳም ሴት ቀያሽ ምን ልታደርገው?" አለኝ። ቅርብ ስለሆነ ነው አልሁት። ቅርብ አይደለም፤ በሞተር ጀልባ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። እሱም ያውቀዋል፤ ግን አላረመኝም።

የድሮን ፈቃድ አልተገኘም። በዚህ ጊዜ እንደማይገኝ ሁላችንም እናውቅ ነበር። በጂፒኤስ ዘንግና በካሜራ እንሠራለን።

የእማዬ ግራ እጅ ዛሬም አልታዘዝ አላት። የሾርባውን ሳህን ደፋችው፤ ከዚያ የደፋሁት እኔ የሆንሁ ይመስል ተቆጣችኝ።

ሐምሌ 24

ደብረ ማዕዶት። ባለ ጀልባው ገድሉ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አስነሣን። ነፋስ አልነበረም።

ከሐይቁ ወደ ገዳሙ የሚያወጣ አሥራ አንድ የድንጋይ ደረጃ አለ። ሴት እስከ ሰባተኛው ትወጣለች። ከዚያ በላይ የለም። አበ ምኔቱ አባ መርስዔ ኀዘን በዘንግ ተደግፈው እስከ ስምንተኛው ወረዱልን። ሰማንያ ሳይሞላቸው አይቀርም። እስክጨርስ አዳመጡኝ። በመጨረሻ፣ "ሐይቁ እንደሚወስደን እናውቃለን ልጄ። ምን ያህል እንደወሰደን ነው የማናውቀው። ለኩ" አሉ። ቅድመ ሁኔታቸው ግን አንድ ነው። መካነ መቃብሩንና የጥንቱን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ምእመን መሣሪያ ይዞ አይረግጠውም። ዘንጉን የሚይዘው ከመነኮሳቱ አንዱ ነው።

አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ተስማማሁ። አንዱ የሳተላይት መቀበያ እኔ ዘንድ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ቆሞ ይውላል። ሌላው ዘንግ ጫፍ ላይ ታስሮ ይዞራል። ዘንጉ መሬት በነካበት ቦታ ሁሉ ቁልፍ ይጫናል፣ አንድ ነጥብ ይመዘገባል። አንድ ቀጭን መነኩሴ መደቡልን። በአሥር ደቂቃ ገባው።

48 ነጥብ።

ሐምሌ 25

የትናንቱን አነበብሁት። "አንድ ቀጭን መነኩሴ" ብዬ አልፌዋለሁ።

ወንድሜ ነው።

ኪዳነ ወልድ ነበር ስሙ፤ ቤት ውስጥ ኪዲ። ከእኔ በስድስት ዓመት ያንሳል። የምህንድስና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ አንድ ቀን ልብሱንም ደብተሩንም ዶርም ጥሎ ጠፋ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ከሄደ በአራት ዓመቱ ቆብ መድፋቱን የሚናገር አንድ ወረቀት መጣ፤ የት እንዳለ አይልም። እማዬ ወረቀቱን አስነብባ ለቅሶ ተቀመጠች። ሲመነኩስ ፍትሐት ተጸልዮበታል፣ ለዓለም ሞቷል፣ ስለዚህ ልጄን ልቅበር አለች። ሰባት ቀን እንግዳ ተቀበልን። እኔ ነበርሁ ወንበር የተከራየሁት።

ደብረ ማዕዶት መሆኑን ካወቅሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ጎብኝ የሚያመላልስ ሰው ስልኩ ላይ ፎቶ ሲያሳየኝ ከኋላ ቆሞ አየሁት። ለእማዬ አልነገርኋትም። ያን ሰሞን ነው ግማሽ ጎኗን የመታት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ነገሩ ሰነበተ።

ሥራውን የወሰድሁት ለዚህ አይደለም። ቦታው ከሦስቱ ሁሉ የቆየ ነው፤ ይህን አቶ ሀዲስም ብሏል።

አሁን አባ ፍሬ ስብሐት ነው የሚባለው። "እንደምን አለሽ እህታችን" አለኝ፣ ለማንም እንደሚለው። እኔም "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባ። ዘንጉን ቀጥ አድርገው ይያዙት" አልሁት። ታናሼን አንቱ አልሁት። ባምላክ ምንም አላወቀም።

ሐምሌ 28

97 ነጥብ። ዝናብ ከሰባት ሰዓት በኋላ። የደቡቡ ዳርቻ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፤ እንደ ዳቦ።

ሐምሌ 30

131 ነጥብ። ነገ ፍልሰታ ይገባል። መነኮሳቱ ሱባኤ ናቸው፤ እስከ ነሐሴ 16 ማንም አይቀበለንም። ስንሄድ ዘንጉን አጥቦና አድርቆ መለሰልኝ። ድሮ ቤት ውስጥ አንድ ሰሃን አጥቦ አያውቅም።

ነሐሴ 4

እማዬ እንቅልፍ ላይ ሳለች የሰሞኑን ልኬት ኮምፒውተር ላይ ዘረጋሁት። ጥሩ ሥራ ነው፤ የሠለጠነ ሰው የሠራው ይመስላል። የጥንቱ ቤተ ክርስቲያን መሠረት ክቡን ይዞ ወጥቷል፤ የመቃብር ድንጋዮቹም ረድፍ ረድፋቸውን ይዘዋል።

አንድ ቦታ ግን ባዶ ነው። በደቡቡ ዳርቻ ጫፍ፣ ስምንት ሜትር በአምስት የሚሆን። ከአጠገቡ አሥራ አራት ነጥቦች አሉ፤ ስማቸው የዚያን ባዶ ቦታ አራት ማዕዘንና መካከል እንደለኩ ይናገራል። አሥራ አራቱም ያረፉት ግን መዳፌን በማታክል ቦታ ላይ ነው።

ባምላክ ዛፍ ነው አለኝ በስልክ። ዛፍ ሳተላይቱን ይከልላል፣ ልክ ነው። ግን ዛፍ ነጥብን ይበትናል እንጂ አይሰበስብም። አንድ ቦታ ቆሞ አሥራ አራት ጊዜ የተጫነ ሰው ነው።

ለባምላክ፣ "ይሆናል" አልሁት።

ነሐሴ 9

ቢሮ ውስጥ ሳላንኳኳ ልገባ ስል ባምላክ ለአቶ ሀዲስ ሲናገር ሰማሁ። "ጎበዝ ናት፤ ግን እዚያች ደሴት ላይ ምን እንዳላት አይገባኝም። ያለቀውን እንደገና ልለካ ትላለች።" አቶ ሀዲስ፣ "ጥንቁቅ ስለሆነች ነው" አለ።

ተመልሼ በረንዳ ላይ ትንሽ ቆየሁና ድምፅ እያሰማሁ ገባሁ።

ነሐሴ 17

ፍልሰታ ተፈታ። ዛሬ ዘንጉን ተውነውና በጀልባ ዳርቻውን እየዞርን ፎቶ አነሣን። ስድስት መቶ ያህል ፎቶ ነው። አንዱ ሌላውን እየተደረበ ሲነሣ ኮምፒውተሩ ገጣጥሞ የገደሉን ገጽ ከነጥልቀቱ ይሠራዋል፤ ከዚያ ያሻንን መለካት እንችላለን። ገድሉ ሞተሩን አጥፍቶ በመቅዘፊያ ያዘልን። "ይሄ ገደል አምና እዚያ ድረስ ነበር" ብሎ በመቅዘፊያው ባዶ ውኃ አሳየኝ።

ኪዲ ከላይ ሆኖ ያየን ነበር። ፎቶ እናነሣለን ብለን አልነገርነውም ነበር።

ነሐሴ 18

ምስሉ ወጣ።

ያ ባዶ ቦታ ካለበት ሥር፣ በተቆረጠው አፈር ላይ፣ በድንጋይ የታቀፉ አራት መቃብሮች ከጎን ይታያሉ። ለካኋቸው። አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት፤ አንድ ሜትር ከስድሳ አንድ፤ ሰባ ሁለት ሴንቲ ሜትር፤ ስድሳ አራት ሴንቲ ሜትር።

ደግሜ ለካሁ። ያው ነው።

ስድሳ አራት ሴንቲ ሜትር መቃብር የማን ነው? መነኩሴ አይደለም። ሕፃን ባለበት ደግሞ እናት አለች። ደሴቷ ላይ ከገዳሙ በፊት ሰው ከነቤተሰቡ ይኖር ነበር ማለት ነው። ሴት አይረግጠውም የሚባለው አፈር ውስጥ ሴቶች ተኝተዋል።

ኪዲ የዘለለው ይህን ነው። ያውቃል።

ምስሉን ለባምላክ አላሳየሁትም። ገና አልጸዳም አልሁት።

ነሐሴ 19

ነፋስ። ጀልባ የለም።

ነሐሴ 20

ኔትወርክ የለም። ለአቶ ሀዲስ መንገር አልተቻለም።

(ቢሮው ከቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው።)

ነሐሴ 22

ደሴቱ ደረስን፤ ሰሜኑ ዳርቻ ቀርቶ ነበር። ኪዲ ሠላሳ አንድ ነጥብ ለካ። ባትሪ ስንቀይር ከዘጠነኛው ደረጃ እጁን ዘረጋ፤ እኔ ከሰባተኛው ዘረጋሁ። ስለ ባትሪው ተነጋገርን። ስለ ዝናቡ። "ደቡቡስ በቃ?" አለኝ። "በቃ" አልሁት።

እሱ እንዲናገር እየጠበቅሁ ነው። የደበቀው እሱ ነውና መጀመሪያ መናገር ያለበት እሱ ነው።

ነሐሴ 25

ሐሙሲት። የእማዬ የደም ግፊት መድኃኒት ባሕር ዳር ካለቀ ሳምንት ሆነው፤ እዚያ አለ ብለው ሄድሁ። አንድ ፋርማሲ ውስጥ አገኘሁ። መንገዱ ላይ ሁለት ጊዜ ወርደን ተፈተሽን፤ ሚኒባሱ የተመለሰው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ ጎንደር የሚሄዱ ሁለት ሴቶች ዘንድሮ ሐይቁ አለመጠን ሞላ ይሉ ነበር።

ነሐሴ 28

ኃይለኛ ነፋስ ከቀትር ጀምሮ፤ ቆርቆሮው ሁሉ ይጮኻል። እማዬ፣ "ምን ሆነሽ ነው መስኮት መስኮቱን የምታይው?" አለችኝ።

ነሐሴ 29

ገድሉ ደወለ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው። "እትዬ፣ የደቡቡ ገደል ተናደ። ትልቅ ቁራጭ ነው የሄደው።" ስንት ሜትር አልሁት። "እኔ ሜትር አላውቅም፤ የዋርካው ሥር አየር ላይ ቀርቷል" አለ።

ጀልባ ክልክል ነው ተብሏል፣ እስከ መቼ አይታወቅም።

አሥራ አንድ ቀን። በጣቴ ቆጠርሁት። አንዱን ቀን እንኳ ደሴቱ ላይ ነበርሁ።

ጳጉሜ 1

ተፈቀደ። ሄድን።

ትንንሾቹ ሁለቱ የሉም። ትልልቆቹ አሉ፤ የአንደኛው የራስጌ ድንጋይ ተገልብጧል። ከጀልባ ነው ያየሁት። ውኃው ጭቃ ሆኖ ከሥር ምንም አይታይም።

ባምላክና ገድሉ ዳርቻውን ፎቶ ሊያነሡ ሲሄዱ እኔ ደረጃው ላይ ቀረሁ። ኪዲ መጣ። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር።

"ነጥቦቹን አይቻቸዋለሁ" አልሁት።

"የትኞቹን?"

"አሥራ አራቱን። አንድ ቦታ ቆመህ አሥራ አራት ጊዜ ተጫንህ።"

አንተ ማለቴን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እሱም ሰማው።

"ዛፍ ነው ልልሽ ነበር" አለ።

"ዛፍ አይሰበስብም።"

"አውቃለሁ። ተምሬዋለሁ እኮ።"

ወደ ላይ ወጥቶ ጠፋ፤ የተቀየመኝ መሰለኝ። ሲመለስ የተቋጠረ ጨርቅ ይዟል። ስምንተኛው ደረጃ ላይ ፈታው። ሰማያዊና ቢጫ ዶቃዎች፤ አንድ የመዳብ አልቦ፤ አንዲት የእጅ አምባር፣ ሁለት ጣቴን ብቻ የምታስገባ። አምና ገደሉ ሲሸረሸር ከውኃው ዳር የለቀማቸው ናቸው። የወደቀውን አጥንት ለብቻው ሰብስቦ መልሶ ቀብሯል። ለማንም አልተናገረም፤ ለአበ ምኔቱም።

"ለምን?" አልሁት።

"ሰው ምን ይላል ብዬ። ሴት አይረግጠውም እያሉ ከሥራቸው ሴት ነው ያለው ይሉናል። ደግሞ ካርታ ላይ ከወጡ በካርቶን ጭነው አዲስ አበባ ይወስዷቸዋል ብዬ ፈራሁ። እዚህ ቢተኙ ይሻላቸዋል ብዬ ነው።" ከዚያ፣ "አሁን ግን ትንንሾቹ ሐይቅ ገቡ። ተለክተው ቢሆን ኖሮ ቀድመን እናነሣቸው ነበር። የእኔ ጥፋት ነው" አለ።

ዝም አልሁ። የእኔ ጥፋት ነው ሲል ዝም አልሁት።

ጳጉሜ 2

አላስቻለኝም። ነገ አበ ምኔቱ ባሉበት እናገራለሁ።

ጳጉሜ 3

የሩፋኤል ዝናብ ቀኑን ሙሉ ወረደ። ገድሉ ስንነሣ ልጆቹ ራቁታቸውን ዝናቡ ውስጥ ሲዘሉ ትቷቸው መጣ። ባምላክ ከጀልባው አልወረደም፤ ላስቲክ ተከናንቦ ቀረ።

አባ መርስዔ ኀዘን ከጃንጥላ ሥር ቆመው ሰሙን። መጀመሪያ ኪዲ ተናገረ፤ ጨርቁንም ፈታ። ከዚያ እኔ። "አባታችን፣ እኔም አራቱን መቃብሮች በነሐሴ 18 በፎቶ አይቻቸው ነበር። ትንንሾቹ ያኔ ነበሩ። ለማንም ሳልናገር አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ" አልሁ። ኪዲ ቀና ብሎ አየኝ። እሳቸው አላዩኝም፤ ዶቃዎቹን ነበር የሚያዩት።

"ዲያቆን ሳለሁ" አሉ፣ "መምህሬ እንደዚህ ያለ ዶቃ አሳይተውኛል። ከገዳሙ በፊት እዚህ አገር ነበረ፤ ሰው ይወልድበት፣ ይሞትበት ነበር። እኔም አውቃለሁ፤ ለእነዚህ ልጆች ግን አልነገርኋቸውም። ስማቸውን ስለማናውቅ በየዓመቱ ያለ ስም እንጸልይላቸዋለን። ሴት አይግባ ያልነው ለእኛ ድካም ነው፤ ለእነሱ ነውር አይደለም።"

ኪዲ፣ "አባታችን፣ ሰው ቢሰማስ?" አለ።

"ይስማ። ሐይቁ ሰምቶ የለም?"

ከዚያ ወዲያው ሥራ ሆነ። ከዳርቻው ያሉት ሁሉ ይለካሉ፤ ባለሙያ ባለበት ይነሣሉ፤ ከላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ምሥራቅ መልሰው ይቀበራሉ። ከደሴቱ አይወጡም። ይህን በጽሑፍ ስጡኝ አሉ፤ እሺ አልሁ።

ስንለያይ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እናታችሁ በሕይወት አሉ?" አሉኝ።

"እናታችሁ" ነው ያሉት። ያውቁ ኖሯል።

"አሉ" አልሁ። "ታመዋል።"

ኪዲ የዶቃውን ጨርቅ ይቋጥር ነበር። ቋጠሮውን ፈታና እንደገና ቋጠረው።

መስከረም 4፣ 2017

የደቡቡ ዳርቻ ሙሉ በሙሉ ተለካ። ከሁለቱ ሌላ ከኋላ ሰባት አሉ፤ በድምሩ ዘጠኝ። ኪዲ በየመቃብሩ ራስጌና ግርጌ ዘንጉን እያቆመ፣ "ራስጌ፣ ሦስት" "ግርጌ፣ ሦስት" እያለ ከላይ ይጠራልኛል፤ እኔ እጽፋለሁ። ልጆች ሳለን እሱ ቃል እየጠራ እኔ የምጽፍበት ጨዋታ አልነበረንም፤ ግን እንደዚያ መሰለኝ።

አሥራ አራቱን ነጥቦች ሰረዝኋቸው። የቀረው በድምሩ 412።

አቶ ሀዲስ ለድንገተኛ ቁፋሮ ፈቃድ ጠይቋል።

መስከረም 8

ለእማዬ ነገርኋት።

ጠዋት ነበር። በረንዳው ላይ ሰፌድ ጭኗ ላይ አድርጋ በቀኝ እጇ ምስር ትለቅም ነበር።

"እማዬ፣ ኪዲ ያለበትን አውቃለሁ" አልኋት።

እጇ አላቋረጠም። አንድ ጠጠር አውጥታ ጣለች።

"በሕይወት አለ?"

"አለ። እዚሁ ሐይቁ ላይ፣ ደብረ ማዕዶት።"

"ጥርሱ ደህና ነው? ያመው ነበር እኮ።"

"አልጠየቅሁትም።"

"መቼ አወቅሽ?"

አሁን መጣ አልሁ። "ሁለት ዓመት ሆነኝ።"

እጇ አሁን ቆመ። "ሁለት ዓመት" አለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን መናገሬን ቀጠልሁ። ገድሉን አነጋግራለሁ፣ ነፋስ የሌለበት ቀን እንመርጣለን፣ ወንበር ይዘን ሰባተኛው ደረጃ ላይ እናስቀምጥሻለን፣ እሱ እስከ ስምንተኛው ይወርዳል፣ ታይዋለሽ አልኋት። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"አልሄድም" አለች። "አንዴ ቀብሬዋለሁ። ሰባት ቀን ተቀምጬ፣ አልቅሼ፣ እንግዳ ሸኝቼ። አሁን ከደረጃ ሥር ሆኜ አየሁት እንበል፤ ከዚያ ጀልባው ሲመልሰኝ ደግሞ ልቅበረው? አቅሙ የለኝም ልጄ።"

ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋችው። "ዐይኔ ደከመ፤ ጨርሽልኝ።"

ለቀምሁ። ንጹሕ ነበር፤ ምንም ጠጠር አልቀረውም።

መስከረም 13

ለኪዲ ነገርሁት። ያለችውን ቃል በቃል።

"ልክ ናት" አለ። ከዚያ፣ "የትኛው እጇ ነው?"

"ግራው።"

"በግራዋ ነበር የምትመታን።"

ሁለታችንም ሳቅን። ባምላክ ከጀልባው ዞሮ አየን፤ መነኩሴ ከቀያሽ ጋር ሲስቅ አይቶ መልሶ ወደ ካሜራው አቀረቀረ።

"ጥርስህን ጠይቃለች" አልሁት።

"ሁለቱ ወልቀዋል። ደህና ነው በያት።"

ልሄድ ስነሣ፣ "ተቆጥተሽብኝ ነበር" አለ፤ ጥያቄ አልነበረም። እኔ፣ "ወንበር የተከራየሁት እኔ ነኝ፤ ድንኳን የተከልሁት እኔ ነኝ፤ ሰው ሲያለቅስልህ ውኃ ያቀረብሁት እኔ ነኝ" አልሁት። ይህን ልል አላሰብሁም ነበር። "አዎ" አለ። "አዎ" ብቻ። ይበቃኝ ኖሯል።

መስከረም 24

ፈቃዱ በደብዳቤ ከመጣ አራት ቀን ሆነ። ከኮሌጅ አንድ የአጥንት ባለሙያ አቶ ጊዮርጊስ የሚባል ሰው መጣ፤ አበ ምኔቱ ጫማውን አስወልቀው አስገቡት። ዘጠኙም ተነሡ። እየተመዘገቡ፣ እየተሣሉ፣ በነጭ አቡጀዲ እየተጠቀለሉ። ከዘጠኙ አምስቱ ሴቶች ናቸው አለ፤ አንዷ ገና ልጅ ነበረች።

እኔ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ነበርሁ። የሚታየኝ ከዛፎቹ መካከል የሚያልፈው ነጭ ጨርቅ ብቻ ነው። ጸሎቱ ግን እስከ ውኃው ይሰማል። የሞቱትን በስም የሚጠሩበት ቦታ ሲደርሱ ዝም ብለው ትንሽ ይቆያሉ፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። ዘጠኝ ጊዜ ቆሙ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ጨመሩ።

ጥቅምት 5

ሪፖርቱን ዛሬ አስገባሁ። በአራተኛው ክፍል እንዲህ የሚል አለበት፦ "በነሐሴ 17 ፎቶ ላይ ይታዩ የነበሩ ሁለት የሕፃናት መቃብሮች በነሐሴ 28 ማዕበል ጠፍተዋል። ቀያሿ በነሐሴ 18 ያየቻቸው ቢሆንም በጊዜው አላሳወቀችም።"

አቶ ሀዲስ ጠራኝ። "ይህን ዓረፍተ ነገር አውጪው። ማንም አልጠየቀሽ።"

"ትንንሾቹ በካርታው ላይ ያሉት በፎቶ ልኬት ብቻ ነው፤ ለምን እንደሆነ መጻፍ አለበት" አልሁት።

"ማዕበል በይና እለፊው። ውሸት አይደለም።"

"ጎደሎ ነው።"

መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን አሸ። ክፉ ሰው አይደለም። "ለመጪው ዓመት ቅጥር ሲታይ ይህን የሚያነቡት እኔን የመሰሉ አይደሉም" አለ። ገብቶኛል አልሁት። ዓረፍተ ነገሩ አለ።

ባምላክ በር ላይ ጠብቆኝ ነበር። "ወንድምሽ ነው አይደል?" አለኝ። አዎ አልሁት። "በሳቃችሁ ነው ያወቅሁት፤ አንድ ነው" አለና ቦርሳዬን ተቀበለኝ።

ጥቅምት 12

ውሳኔው መጣ። ድንጋዩ ለሌላ ቦታ ሆነ። ደብረ ማዕዶት ሁለተኛ ወጥቷል፣ ለከርሞ። ምክንያቱን አነበብሁት፦ መቃብሮቹ ስለተነሡ አጣዳፊነቱ ቀንሷል።

በመታደጋችን ደረጃው ወረደ። ለገድሉ በስልክ ነግሬው ለአበ ምኔቱ አደረሰ። "ካርታውን ይስጡን፤ የት እንደሚብስ ያሳየን እንጂ ድንጋይስ እኛም እንሸከማለን" ብለዋል። መነኮሳቱ ከደሴቱ ጀርባ መፍለጥ ጀምረዋል አለኝ ገድሉ። ነገ በትልቅ ወረቀት አሳትሜ እልካለሁ።

ጥቅምት 20

ካርታውን ሁለት ኮፒ አሳተምሁ። አንዱ ሄደ። አንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ጫፉን ስቆርጥ እማዬ ግድግዳ እየያዘች መጣችና ቆመች። ከመስከረም ወዲህ ስለ ኪዲ አንድ ቃል አንሥታ አታውቅም።

"ይሄ ነው?" አለች።

"ይሄ ነው።"

"ይሄ ነጠብጣቡ ምንድን ነው?"

"ዘንጉ የቆመበት ነው። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ዘንጉን ይዞ ቆሞ ነበር።"

"ማን?"

"ኪዲ።"

ወንበር ሳብሁላትና ተቀመጠች። ቀኝ እጇን አንሥታ አንዱ ነጥብ ላይ አሳረፈች።

"እዚህ ቆሞ ነበር?"

"አዎ።"

"እዚህስ?"

"እዚያም።"

ጣቷን እያነሣች እያሳረፈች ቀጠለች። ስለ እያንዳንዱ ጠየቀችኝ፤ እኔም ስለ እያንዳንዱ መለስሁ። የጥንቱን መሠረት ዞረች፣ በመቃብሮቹ መካከል አለፈች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ደረሰች። "እዚህ ጫፍ ላይ ምን ያደርጋል?" ብላ ተቆጣች። ምሳ ሰዓት አለፈ። ግራ እጇ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት ጥግ ላይ ተቀምጦላት ነበር፤ እኔ አላስቀመጥሁላትም።

በመጨረሻ ከሁሉ ተለይቶ ከደረጃው ላይ ያለው ሦስት ማዕዘን ጋ ደረሰች።

"ይሄስ?"

"እኔ ነኝ። የምቆምበት ቦታ።"

ጣቷን ከእኔ ላይ ሳታነሣ፣ በሌላው ጣቷ ቅርቡን ነጥብ ፈለገች። አገኘችው።

"ስንት ይሆናል ይሄ?"

"አራት ሜትር ከሃያ።"

ሁለቱን ጣቶቿን አየቻቸው።

"እንዲያ ከሆነ ድምፁ ይሰማሽ ነበራ" አለች።

"ይሰማኛል።"

"ምን ይላል?"

ነገርኋት። ራስጌ፣ ሦስት። ግርጌ፣ ሦስት። ራስጌ፣ አራት።